ዶፓሚን የጎደለው ሰው ምን ይጎድለዋል?

ስለ ጤና በአማርኛ የሚናገሩ የዩቲዩብና የቲክቶክ ገጾችን የሚከታተል ሰው ዶፓሚን የሚለውን ስም ሳይሰማ አይሰነብትም። አንዱ «የደስታ ሆርሞን» ይለዋል፤ ሌላው በጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠቡ እንደሚጨምር ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ ስልክን፣ ጣፋጭንና ሙዚቃን ለጥቂት ቀናት በመተው አእምሮን ከዶፓሚን ማጽዳት እንደሚቻል ያስተምራል። እኔ ስለዚህ ንጥረ ነገር ማንበብ የጀመርሁት አጎቴ የፓርኪንሰን በሽታ፣ ማለትም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩ ሴሎች እየሞቱ እንቅስቃሴን የሚያውክ ሕመም፣ እንዳለባቸው ሐኪም ከነገረን በኋላ ነው። በእሳቸው ቤት የዶፓሚን ጉዳይ ከሁሉ በፊት ከወንበር የመነሣት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የመቆለፍና ደጃፍ የማለፍ ጉዳይ ነው። ዶፓሚን ስለጎደለው ሰው ሳናስብ ዶፓሚን ለጤና ምን እንደሚጠቅም መናገር አይቻልም ብዬ ስለማምን፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ወገን ሆኜ ነው።

ዶፓሚን የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት ከሚቀባበሉባቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው። ሰውነት የሚሠራው ታይሮሲን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ ታይሮሲን መጀመሪያ ወደ ሌቮዶፓ፣ ሌቮዶፓ ደግሞ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች መካከል በመካከለኛው አንጎል ተቀምጠው ዶፓሚን የሚሠሩት ከአንድ ሚሊዮን አይበልጡም፤ ነገር ግን የእያንዳንዳቸው ቅርንጫፍ እጅግ የተንሰራፋ ስለሆነ ጥቂት ሆነው ብዙውን ያዛሉ። ከእነዚህ መካከል ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው ጠቆር ያለ ክፍል የሚገኙት በተለይ እንቅስቃሴን ሲያግዙ፣ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ፍላጎትን፣ ተነሣሽነትንና ከልምድ መማርን ያግዛሉ። በሌላ የአንጎል ክፍል የሚሠራው ዶፓሚን የጡት ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ይገታል። ከአንጎል ውጭም በአንጀትና በኩላሊት ይሠራል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የደም ግፊቱ ለወረደ በሽተኛ በደም ሥር ሲሰጥም ይታያል። ይሁንና በደም ውስጥ ያለ ዶፓሚን ደምን ከአንጎል የሚለየውን አጥር አልፎ ወደ አንጎል አይገባም። ስለዚህ «ዶፓሚን ያለበት ምግብ» እየተባለ የሚነገረው ሁሉ፣ ምግቡ በሌላ ምክንያት ጥሩ ሊሆን ቢችልም፣ በተባለው መንገድ አይሠራም።

እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዶፓሚን ለራሱ ሥራ ያለው ነገር ተደርጎ አይታይም ነበር፤ ሰውነት ኖርአድሬናሊን የተባለውን ሌላ የነርቭ ኬሚካል ለመሥራት በመንገድ ላይ የሚያልፍበት መካከለኛ ደረጃ ብቻ ይመስል ነበር። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ከባልደረቦቹ ጋር ሬሰርፒን የተባለውን፣ የአንጎልን ዶፓሚን የሚያሟጥጥ መድኃኒት ለጥንቸሎች ሰጡ። ጥንቸሎቹ ጆሯቸው ወርዶ፣ መንቀሳቀስ ተስኗቸው ፈዘው ተቀመጡ። ሌቮዶፓ ሲወጉ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪዊችና ኸርበርት ኤሪንገር በፓርኪንሰን በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ውስጥ ዶፓሚን ክፉኛ እንደጎደለ አገኙ። በ1961 በዚያው ከተማ ሌቮዶፓ ለበሽተኞች በደም ሥር ሲሰጥ፣ ከአልጋ መነሣት ያልቻሉ ሰዎች ተነሥተው ሄዱ፤ ፈውሱ ግን ለሰዓታት ብቻ የሚቆይ ነበር። በ1967 አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ኮትዚያስ መድኃኒቱን በአፍ፣ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ቢሰጡት ለውጡ እንደሚዘልቅ አሳየ። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ። አጎቴ ዛሬ የሚውጡት ክኒን መሠረቱ ያው ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳይለወጥ ካርቢዶፓ የተባለ አጋዥ ተጨምሮበታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የባቄላው ነገር ነው። ሌቮዶፓን በተፈጥሮ ከሚገኝበት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ ያወጣው በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ማርከስ ጉገንሃይም ሲሆን፣ ያገኘውም በ1913 ከባቄላ ነበር። ሁለት ግራም ተኩል ያህሉን ራሱ ውጦ ክፉኛ አስመለሰው፤ ከዚያም ብዙ ጥቅም ያለው ነገር አልመሰለውም። እኛ እሸት ባቄላን እየፈለፈልን ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ቤተ ዘመዱ ይህን እንደሰማ «ታዲያ ባቄላ እንጂ መድኃኒት ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሌቮዶፓ በእሸቱ፣ በተለይም በለጋው ቅርፊት ውስጥ በእርግጥ ይገኛል። ሆኖም መጠኑ ከዝርያ ዝርያ፣ ከማሳ ማሳ፣ እንደ እሸቱ ዕድሜም ይለያያል፤ ክኒኑን የሚወስድ ሰው በላዩ ላይ ብዙ እሸት ቢጨምርበት ማቅለሽለሽና ያልታዘዘ የሰውነት መወራጨት ሊያስከትልበት ይችላል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ሰዎችም ባቄላ ቀይ የደም ሴላቸውን ስለሚያፈርስባቸው ጨርሶ መብላት የለባቸውም። አጎቴ እሸት ባቄላን እንደ ቀድሞው ለጣዕሙ ይበላሉ፤ ክኒናቸውን ግን አልተካንበትም።

በሽታው የጀመረው እጃቸው ከመንቀጥቀጡ ብዙ ቀደም ብሎ እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው። ቡና ሲቆላ ሽታው አይሸታቸውም ነበር። ስንጠይቃቸው ጉንፋን ነው ይሉ ነበር፤ እኛም ተቀበልናቸው። የማሽተት ስሜት መጥፋትና የሆድ ድርቀት ከመንቀጥቀጡ ዓመታት አስቀድመው ሊታዩ የሚችሉ ምልክቶች መሆናቸውን በኋላ አነበብሁ፤ ይህ በሽታ ከዶፓሚን ሴሎች ሌላም ብዙ የሚነካው ነገር እንዳለ የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጽሕፈታቸው ማነስ ጀመረ። የዕድሩ ጸሐፊ ስለነበሩ መዝገቡ ምስክር ነው፤ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ደህና የነበረው ፊደል ወደ መጨረሻው እየጠበበ ሄዶ ለማንበብ ያስቸግራል። ሲሄዱ ቀኝ እጃቸው አይወዛወዝም ነበር። ከሁሉ ያሳዘነኝ ፊታቸው ነው፤ ጡንቻው ስለደረቀ ልጆች ሲጫወቱ አይተው ፈገግ አይሉም ነበር፤ እኛም አኮረፉ እያልን እንርቃቸው ነበር። እንቅስቃሴው ታውኮ ሐኪም ዘንድ በደረሱ ጊዜ እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ውስጥ ከነበራቸው ዶፓሚን ከግማሽ የሚበልጠው አልቋል ማለት ነው፤ አንጎል ጉድለቱን እስከዚያ ድረስ ችሎና አብቃቅቶ ይኖራል።

የክኒኑ ኃይል ሲያልቅ የሚሆነውን ላየው ሰው ዶፓሚን ምን እንደሚሠራ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግለት ነገር የለም። ከሳሎን ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት ጋር የተጣበቀ ያህል ይቆማል። ጉልበት አላነሣቸውም፤ መሄድም ይፈልጋሉ፤ ሰውነታቸው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እግራቸው ግን ባለበት ይንቀጠቀጣል። ይህን ጊዜ ከኋላ መግፋትም ሆነ «ቶሎ ይበሉ እንጂ!» ማለት የሚያመጣው መውደቅን ነው። የአጎቴ ልጅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መክራት ከደጃፉ ወዲህና ወዲያ በወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በእርምጃ ርቀት በአግድም ለጠፈች። አሁን ዐይናቸውን ፕላስተሩ ላይ አድርገው አንዱን መስመር እንደ ጉድጓድ ይሻገሩታል፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ተሻግረው ማድ ቤት ይገባሉ። ነገሩ የሚሠራው፣ መራመድን የመሰለውን ሳናስብ የምናደርገውን እንቅስቃሴ የሚያስጀምረው የዶፓሚን መንገድ ሲታወክ፣ ዐይን አይቶ ሆን ብሎ የሚደረገው እንቅስቃሴ በሌላ የአንጎል መንገድ ሊያልፍ ስለሚችል ነው። በዜማ ወይም በቁጥር መራመድም እንዲሁ ይረዳቸዋል።

ክኒኑን በሰዓቱ መውሰድ በዚህ ቤት እንደ ጸሎት ሰዓት የተከበረ ነው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባው የፕሮቲን ቅንጣቶች በሚገቡበት በር ስለሆነ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ከወፍራም ሽሮ ጋር አብሮ ሲገባ ወረፋ ይጠብቃል፤ በዚህ ምክንያት ምግብ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወይም ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ እንዲወስዱ ተነግሮናል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ለመዋል ፈልገው ነበር፤ የንስሐ አባታቸው በሽተኛ መድኃኒቱን ሊተው እንደማይገባው ነግረዋቸው በውኃ ይወስዳሉ። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና የሰውነት መገተር አስከትሎ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ እንደሚጠፋ በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቃል፣ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚጠበቀው ክኒን እስኪደርስ የምናሳልፈው ጭንቀት ከዚህ የተነሣ ነው። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎች ፕላሲል በሚለው ስሙ የሚያውቁት የማቅለሽለሽ መድኃኒት፣ ሜቶክሎፕራማይድ፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ የዶፓሚንን መቀበያ ስለሚዘጋ ለፓርኪንሰን በሽተኛ አይሰጥም። ለድንገተኛ ሕመም የትም ቢወሰዱ ይህን አስቀድሞ መናገር የቤተሰቡ ድርሻ ነው።

አሁን «የደስታ ሆርሞን» ወደሚባለው ልመለስ። አጎቴ ቡና ሲቀርብላቸው ቀስ ብለው ፉት እያሉ በጣዕሙ ይደሰታሉ፤ ይህን ከዐይናቸው አውቀዋለሁ። ነገር ግን ቡና ይፈላልኝ ብለው አይጠይቁም። ሬዲዮ ሲከፈትላቸው ያዳምጣሉ፤ ተነሥተው ግን አይከፍቱም። ይህ ነገር መጀመሪያ ላይ ለመረዳት አስቸግሮኝ ነበር፤ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅ የሠራውን ሥራ ካነበብሁ በኋላ ግን ግልጽ ሆነልኝ። ቤሪጅና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአይጦችን የዶፓሚን ነርቮች ከሞላ ጎደል አጠፉ። አይጦቹ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ አይበሉም፤ በቱቦ ካልተመገቡ በረኃብ ይሞታሉ። ስኳር ያለው ውኃ አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣፋጩ ጣፍጧቸዋል፤ የጠፋው ወደ ጣፋጩ የሚያስነሣቸው ነገር ነው። መውደድና መሻት በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሥራ አላነበብሁም።

በስዊዘርላንድ የፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቮልፍራም ሹልትዝ በዝንጀሮዎች ላይ ያገኘው ደግሞ መሻት እንዴት እንደሚማር ያሳያል። ዝንጀሮው ያልጠበቀው ጠብታ ጭማቂ ሲሰጠው የዶፓሚን ሴሎቹ ሞቅ ብለው ይሠራሉ። ጭማቂው ሁልጊዜ መብራት ከበራ በኋላ እንደሚመጣ ሲማር፣ ሴሎቹ የሚሞቁት መብራቱ ሲበራ ይሆናል፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ምንም አይሉም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ልክ ይመጣ በነበረበት ቅጽበት ሥራቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሴሎቹ የሚናገሩት ከተጠበቀው በላይ ወይም በታች መገኘቱን ነው። የስልክ ድምፅ ገና «ጢን» ሲል እጃችን የሚዘረጋው፣ መልእክቱን አንብበን ስንጨርስ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ያልቀረልን የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

መብዛቱም ጤና አይደለም። ለፓርኪንሰን ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ፕራሚፔክሶልን የመሳሰሉት የዶፓሚንን መቀበያ በቀጥታ ይቀሰቅሳሉ። በአሜሪካና በካናዳ 3,090 በሽተኞች የተካተቱበትና በ2010 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እነዚህን መድኃኒቶች ከሚወስዱት መካከል 17.1 ከመቶው ቁማር መጫወትን፣ ያለ ልክ መሸመትን፣ ያለ ልክ መብላትን ወይም የወሲብ ፍላጎትን መቆጣጠር ተስኗቸው ተገኝተዋል፤ ከማይወስዱት መካከል ግን ቁጥሩ 6.9 ከመቶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቁጥብ የነበረ ሰው መድኃኒቱን ጀምሮ በየሰፈራችን ወደ ተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች መመላለስ ቢጀምር ቤተሰቡ ጠባዩ ተበላሸ ብሎ ሊፈርድበት አይገባም፤ ለሐኪሙ መንገር ነው ያለበት፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በሐኪም ሲቀነስ ወይም ሲቀየር ይሻላቸዋልና።

በአገራችን ዶፓሚንን ከሚያበዙት ነገሮች ሁሉ ቅርባችን ያለው ጫት ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አምፌታሚን እንደተባለው አነቃቂ ሁሉ ዶፓሚን ከነርቭ ጫፍ እንዲፈስ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ስለሚከስም ነው ከአወዳይ የሚወጣው ጫት እንደታሰረ በጥድፊያ ወደ የከተማው የሚበረው። ምርቃናው፣ የሐሳቡ መብረርና የዕቅዱ መብዛት የዶፓሚን ሥራ እንደሆነ ማስተዋል አያስቸግርም፤ ብዙ ታቅዶ ጥቂት የሚፈጸመውም መሻት ከመድረስ የተለየ ስለሆነ ነው። ማግስቱን የሚመጣው ድብርት፣ ሐራራውና በእንቅልፍ የሚያስጨንቀው ዱካክ ቃሚው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ብዙና ተከታታይ አቃቃም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጥርጣሬንና የሌለ ድምፅ መስማትን ያመጣል፤ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ደግሞ ያብስበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም የሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች የዶፓሚንን መቀበያ በመዝጋት የሚሠሩ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ ታካሚዎች እንደ ፓርኪንሰን በሽተኛ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሰውነታቸውም ይገተራል። ይህን ያዩ ቤተሰቦች መድኃኒቱን በገዛ እጃቸው ማስቆማቸው የተለመደ ነው፤ መጠኑን ማስተካከል የሚችለው ግን ሐኪሙ ነው።

ስለ «ዶፓሚን ዲቶክስ»፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ ስላነሣሁት አእምሮን ከዶፓሚን ስለ ማጽዳት፣ ያለኝን አስተያየት ከዚህ ሁሉ በኋላ መናገር ይቀለኛል። በ2019 «የዶፓሚን ጾም» የሚለውን ያስፋፋው የካሊፎርኒያው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካሜሮን ሴፓ ራሱ ስያሜው ቃል በቃል እንዳይወሰድ ተናግሯል፤ የእሱ ሐሳብ ሰው የተጠናወተውን ልማድ በሰዓት እንዲገድብ ነበር። ስልክን ማታ ከመኝታ ክፍል ማስወጣት፣ ውርርዱን ማቆም፣ ጫቱን መቀነስ ጥሩ ነው፤ እኔም ለወንድሞቼ እመክራለሁ። ነገር ግን ይህን ያደረገ ሰው ያራቀው መሻቱን የሚቀሰቅሰውን ምልክት እንጂ ዶፓሚኑን አይደለም፤ ዶፓሚን ከሰውነት የሚወገድ ቆሻሻ ተደርጎ ሲነገር ስሰማ፣ አንዲት ክኒን ዘግይታባቸው በራሳቸው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው የቀሩትን ሰው አስባለሁ፤ ይከፋኛልም። «ዶፓሚን ማሟያ» እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጠውን እንክብል መግዛትንም አልደግፍም። ለጤነኛውም ሆነ ለበሽተኛው የሚጠቅም ሆኖ ያገኘሁት እንቅልፍና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው፤ በፓርኪንሰን በሽተኞች ላይ አዘውትሮ መንቀሳቀስ አካሄድንና ሚዛንን እንደሚያሻሽል በብዙ ጥናት ተረጋግጧል፤ አጎቴም ጠዋት ክኒናቸው ሲሠራ እየቆጠሩ ይራመዳሉ።

በቤታችሁ ሽታ የማይሸተው፣ ጽሕፈቱ ያነሰ፣ ሲሄድ አንድ እጁ የማይወዛወዝ ወይም ፊቱ ያለ ምክንያት የቀዘቀዘ ትልቅ ሰው ካለ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። የነርቭ ሐኪሞች አብዛኞቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ቀጠሮ ውድ ነው፤ ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት በአንድ ደብተር ላይ ክኒኑ የተዋጠበትን ሰዓት፣ ምግብ የተበላበትን፣ ሰውነቱ የተፍታታበትንና የተገተረበትን፣ ያለፈቃድ መወራጨት የታየበትን ሰዓት ጻፉ፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ፣ ለማቅለሽለሽም ይሁን ለእንቅልፍ፣ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። የአጎቴ ሐኪም በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን መጠን ቀንሶ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲከፋፈል ያዘዘው ከእንዲህ ዓይነቱ ደብተር አይቶ ነው።